አሠሪው እንዴት ወረቀት መርማሪ ሆነ?

ዛሬ በአሜሪካ ሥራ የሚጀምር ሰው፣ ሆቴል ውስጥ አልጋ ለማንጠፍም ሆነ ሆስፒታል ውስጥ ቀዶ ሕክምና ለመሥራት ቢቀጠር፣ አይ-9 የተባለውን ቅጽ ሳይሞላ አያልፍም። በመጀመሪያው የሥራ ቀን የራሱን ክፍል ሞልቶ ይፈርማል። በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ደግሞ ፓስፖርቱን ወይም ግሪን ካርዱን፣ አለዚያም መንጃ ፈቃዱንና የሶሻል ካርዱን አምጥቶ ያሳያል። በብዙ ድርጅቶች ነገሩ በዚህ አያበቃም። አሠሪው የሠራተኛውን ስም፣ የልደት ቀንና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ኢ-ቬሪፋይ በተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ያስገባና የፌዴራል መዛግብት ምን እንደሚሉ ይጠይቃል። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንዶች ውስጥ ይመጣል። ሥርዓቱ ከመለመዱ የተነሣ ከአገሪቱ ጋር አብሮ የተወለደ ይመስላል። ይሁንና እስከ 1986 ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) የሥራ ፈቃድ የሌለው ሰው የቀጠረን አሠሪ በጠቅላላው የሚያስቀጣ የፌዴራል ሕግ አልነበረም።

የዚህን ሥርዓት መነሻ የሚፈልግ ሰው ከኮምፒዩተር ይልቅ አንድ የፖለቲካ ድርድር ያገኛል። ኮንግረስ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ፈለገ፤ ፈቃድ የሌለው ሰው እንዳይቀጠር፣ ዜጋው ብሔራዊ መታወቂያ እንዳይጫንበት፣ አሠሪውም ብዙ እንዳይቸገር። ሦስቱ አብረው የሚሄዱ አልነበሩም። ማን ማን እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚያሳይ ሰነድ በሌለበት አገር ፈቃድ ያለውን ከሌለው ለይ ተብሎ የታዘዘ አሠሪ የሚያየው ወረቀት ብቻ ነው። ወረቀቱና ሰውየው፣ ወይም አንዱ መዝገብና ሌላው መዝገብ ሳይስማሙ ሲቀሩ ጉዳቱ በማን ላይ ይደፋ የሚለውን ጥያቄ ሕግ አውጪዎቹ በግልጽ ቁጭ ብለው አልተወያዩበትም። በተግባር የተደፋው በሠራተኛው ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣው ማሻሻያ ሁሉ አለመስማማቱን ለመቀነስ ብዙ ደክሟል፤ ጉዳቱን ማን ይሸከም የሚለውን ግን እንዳለ ትቶታል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ይህ ነው።

ከ1986 በፊት የነበረው ሁኔታ የታወቀ ስም አለው። በ1952 የወጣው ሕግ በሕገ ወጥ መንገድ የገባን ሰው መደበቅና ማስጠለል ወንጀል ሲያደርግ፣ መቅጠር ግን እንደ መደበቅ አይቆጠርም የሚል ሐረግ ጨመረ። ሐረጉን ያስገቡት የቴክሳስን የእርሻ ባለቤቶች ጥቅም የሚጠብቁ ሰዎች ስለነበሩ «የቴክሳስ ሐረግ» ተብሎ ቀረ። በጊዜው ከ1942 ጀምሮ የሜክሲኮ ሠራተኞችን በውል የሚያስገባው የብራሴሮ ፕሮግራም ይሠራ ነበር። ፕሮግራሙ በ1964 ሲዘጋ ሠራተኛውም እርሻውም ባሉበት ቀሩ፤ የተቋረጠው ሕጋዊው መንገድ ብቻ ነው። ካሊፎርኒያ በ1971 አሠሪዎችን የሚቀጣ የራሷን ሕግ አወጣች፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1976 ክልሎች ይህን ለማድረግ ሥልጣን አላቸው ብሎ ፈረደ። ሠራተኛውን በድንበር ጠባቂ አስይዞ ቀጣሪውን በነፃ የሚያሰናብት ሕግ፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው ነበር። ስለዚህ አሠሪው ይጠየቅ የሚለው ሐሳብ ሲነሣ ፍትሐዊ ሆኖ የታያቸው ብዙዎች ናቸው። የሠራተኛ ማኅበራትም ደግፈውታል።

ችግሩ አሠሪው በምን ይለይ የሚለው ነበር። አሜሪካ ውስጥ ሁሉም ሰው ያለው ቁጥር አንድ ብቻ ነው፤ ሶሻል ሴኩሪቲ። ቁጥሩ ግን ማንነትን ለማረጋገጥ የተፈጠረ አይደለም። ከ1936 መጨረሻ ጀምሮ በፖስታ ቤቶች በኩል ሲታደል ዓላማው የእያንዳንዱን ሠራተኛ ገቢ መዝግቦ ለጡረታው ማስላት ነበር። ለአሥርት ዓመታት ቁጥሩን የሚጠይቅ ሰው ማንነቱን በማስረጃ እንዲያሳይ አይገደድም ነበር። ካርዱ ራሱ ከ1946 እስከ 1972 ድረስ ለመታወቂያነት እንደማያገለግል የሚገልጽ ጽሑፍ ታትሞበት ይወጣ ነበር። ቁጥሩ ምን ያህል በቀላሉ ከባለቤቱ እንደሚለይ በ1938 የሆነ አንድ ነገር በደንብ ያሳያል። በኒውዮርክ ክልል ሎክፖርት የሚገኝ የኪስ ቦርሳ ፋብሪካ ካርዱ ቦርሳው ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ለማሳየት ብሎ የአንዲት ሠራተኛውን እውነተኛ ቁጥር አትሞ በየቦርሳው ከተተ። ናሙናው ከእውነተኛው ካርድ ያነሰ፣ በቀይ ቀለም የታተመና «ናሙና» የሚል ቃል ያለበት ነበር። ቦርሳው በመላ አገሪቱ ተሸጠ፤ የገዙትም ቁጥሩን የራሳቸው አድርገው ተጠቀሙበት። በ1943 ብቻ 5,755 ሰዎች በዚያ ቁጥር ይሠሩ ነበር፤ በዓመታት ውስጥ የተጠቀሙበት ከ40,000 በላይ እንደሆኑ የሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤቱ ራሱ መዝግቧል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ለማታለል ያሰቡ አልነበሩም። መንግሥት ያወቀው ቁጥሩን ነው፤ ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለውን ሰው አያውቀውም ነበር። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ የቅጥር ቁጥጥሩ ሁሉ የተሠራው በዚሁ ቁጥር ላይ ነው።

ይህ ጉድለት ለሕግ አውጪዎቹ ስውር አልነበረም። የኖተርዳም ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበሩት ቄስ ቴዎዶር ኼስበርግ የመሩት የኢሚግሬሽንና የስደተኞች ኮሚሽን በ1981 ባቀረበው ሪፖርት አሠሪዎች እንዲቀጡ ሲመክር፣ ለማስመሰል የሚያስቸግር አስተማማኝ መታወቂያ ያስፈልጋል በሚለው ላይ አባላቱ በጠባብ ልዩነት ነው የተለያዩት። በዚያው ዓመት በፕሬዚዳንት ሬጋን ካቢኔ ፊት የመታወቂያው ሐሳብ ሲቀርብ አማካሪያቸው ማርቲን አንደርሰን ይህን ከምናደርግ በእያንዳንዱ ሰው ክንድ ላይ ቁጥር መነቀስ ይረክሳል ብሎ እንደተከራከረ በኋላ በጻፈው መጽሐፍ ተርኮታል። ንቅሳቱ የናዚን ማጎሪያ ካምፖች እንደሚያስታውስ እዚያ የነበረ ሁሉ ያውቃል፤ ሐሳቡም በዚያው ወደቀ። የፖሊስ መታወቂያ ጠያቂነት የሚፈራበት አገር ይህን መፍራቱ አያስወቅሰውም። በሕዝቦች ላይ የተሠራው ግፍ ብዙ ጊዜ ከመታወቂያ ነው የጀመረው፤ እኛም ከየትኛው ብሔር እንደሆንን የሚጽፍ የቀበሌ መታወቂያ ይዘን የኖርን ሰዎች ስለሆንን ፍርሃቱ ይገባናል። ነገር ግን መታወቂያውን እንቢ ብሎ ቁጥጥሩን እሺ ማለት ቁጥጥሩን ከነጉድለቱ መቀበል ነው።

ሴናተር አለን ሲምፕሰንና የምክር ቤት አባሉ ሮማኖ ማዞሊ ከ1982 ጀምረው የገፉት ረቂቅ ከብዙ መውደቅና መነሣት በኋላ ጸድቆ ሬጋን ኖቬምበር 6 ቀን 1986 ፈረሙበት። ሕጉ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1982 በፊት ገብተው ለኖሩና ለተወሰኑ የእርሻ ሠራተኞች ምሕረት ሰጠ፤ ወደ 2.7 ሚሊዮን ሰዎች መኖሪያ ፈቃድ አገኙ። ደርግን ሸሽተው አሜሪካ ከገቡት ኢትዮጵያውያን አንዳንዶቹ በዚህ፣ ሌሎቹ ደግሞ በ1987 መጨረሻ በወጣውና ከ1984 አጋማሽ በፊት ለገቡ ኢትዮጵያውያን፣ ፖላንዳውያን፣ አፍጋኖችና ኡጋንዳውያን በር በከፈተው ሕግ ወረቀታቸውን አስተካከሉ። የምሕረቱ አጋር ቅጣቱ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የሚቀጥር አሠሪ ሁሉ አይ-9 ማስሞላት አለበት፤ ፈቃድ የሌለውን አውቆ ከቀጠረ በሕጉ መጀመሪያ እንደተጻፈው ለመጀመሪያ ጥፋት በአንድ ሰው ከ250 እስከ 2,000 ዶላር ይቀጣ ነበር። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ተጨመሩ፤ የዛሬውን ቅርጽ የሰጡትም እነሱ ናቸው። አንደኛ፣ ሕጉ ብሔራዊ መታወቂያ ለማውጣት እንደማይፈቅድ በግልጽ ተጻፈ። ሁለተኛ፣ ያየው ሰነድ ላይ ላዩን ሲታይ እውነተኛ ከመሰለ አሠሪው ግዴታውን ተወጥቷል ተባለ። ሰነዱ ሐሰተኛ ሆኖ ቢገኝ በቅን ልቦና ያየ አሠሪ አይጠየቅም።

ውጤቱን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም ነበር። የሐሰት ግሪን ካርድና የሐሰት ሶሻል ካርድ ገበያ ደራ። በሌላ በኩል ቅጣቱን የፈራ አሠሪ ከሕጉ በላይ መጠንቀቅ ጀመረ፤ የሚጠነቀቀውም ፊታቸው ወይም አነጋገራቸው ባዕድ ከመሰሉ ሰዎች ነው። ኮንግረስ ይህን ሠግቶ ስለነበር የመንግሥት ሒሳብ መርማሪው መሥሪያ ቤት ለሦስት ዓመታት እየተከታተለ እንዲዘግብ በሕጉ አዝዞ ነበር። በማርች 1990 የወጣው የመጨረሻ ሪፖርት መድልዎ ተስፋፍቷል ሲል ደመደመ፤ ጥናቱ ከወከላቸው 4.6 ሚሊዮን አሠሪዎች 461,000 ያህሉ፣ ማለትም 10 በመቶው፣ በዚህ ሕግ ምክንያት በትውልድ አገር ላይ የተመሠረተ መድልዎ እንደፈጸሙ ገመተ። አነጋገሩ ለየት ያለ ሰው ሲመጣ ብቻ ሰነድ የሚጠይቁ ነበሩ፤ ጭራሽ የማይቀጥሩም ነበሩ። ፈቃድ የሌለው ሐሰተኛ ካርድ ገዝቶ ሲያልፍ፣ ፈቃድ ያለው ስፓኒሽ ተናጋሪ በር ላይ ቆመ ማለት ነው።

መፍትሔው ከዚህ በኋላ ወደ መዝገብ ዞረ። የቴክሳሷ ባርባራ ጆርዳን የመራችው የኢሚግሬሽን ማሻሻያ ኮሚሽን በ1994 ያቀረበው ምክር አሠሪው በወረቀቱ መልክ ላይ መፍረዱን ትቶ የሶሻል ሴኩሪቲንና የኢሚግሬሽንን መዛግብት ያጣመረ የኮምፒዩተር መዝገብ ይጠይቅ የሚል ነበር። ጆርዳን ከደቡብ ከመጡ ጥቁር ፖለቲከኞች ግንባር ቀደሟ ነበረች፤ ክርክሯም የመብት ክርክር ነበር። በርካሽ የሚሠራና መብቱን መጠየቅ የማይችል ሠራተኛ ሲበዛ በመጀመሪያ የሚጎዳው በአገሩ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚያገኘው ነው፤ መዝገብ ደግሞ መልክ አያይም። በ1996 ክሊንተን የፈረሙት ሕግ ሐሳቡን በከፊል ወሰደ። ሙከራው በፈቃደኝነት፣ ለአራት ዓመት ብቻ ተፈቀደ፤ ብሔራዊ መታወቂያ አለመፈቀዱም እንደገና ተጻፈ። ከሁሉ በላይ ግን አንድ አንቀጽ ልብ ሊባል ይገባል፤ ከሥርዓቱ የመጣለትን መልስ በቅን ልቦና አምኖ እርምጃ የወሰደ አሠሪ በፍትሐ ብሔርም በወንጀልም አይጠየቅም። መልሱ የተሳሳተ ቢሆንስ? አሠሪው ነፃ ነው፤ የሠራተኛው ድርሻ ሄዶ ማስረዳት ነው።

ቤዚክ ፓይለት የተባለው ሙከራ በኖቬምበር 1997 በካሊፎርኒያ፣ በፍሎሪዳ፣ በኢሊኖይ፣ በኒውዮርክና በቴክሳስ ተጀመረ። በ1999 ሥጋ ማቀነባበሪያዎች የሚበዙባት ነብራስካ ታከለች። ሙከራው በስልክ መስመር ከመንግሥት ኮምፒዩተር ጋር ከሚገናኝ ፕሮግራም ተነሥቶ ወደ ድረ ገጽ ተሸጋገረ፣ ከ2004 መጨረሻ ጀምሮ በሁሉም ክልሎች ተከፈተ፣ በ2007 ደግሞ ኢ-ቬሪፋይ የሚለውን ስሙን አገኘ። አሠራሩ በመሠረቱ አልተለወጠም። መጀመሪያ ስም፣ ቁጥርና የልደት ቀን ከሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ጋር ይነጻጸራል፤ ዜጋ ላልሆነ ሰው የኢሚግሬሽን መዝገብ ይጨመራል። ከተስማማ «ለሥራ የተፈቀደለት» ይላል። ካልተስማማ ጊዜያዊ ያለመረጋገጥ ውጤት ይሰጣል። አሠሪው ይህን ለሠራተኛው ለብቻው ነግሮ ማስታወቂያውን መስጠት አለበት። ሠራተኛው እከራከራለሁ ካለ በስምንት የፌዴራል የሥራ ቀናት ውስጥ ወደ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ መሄድ ወይም ወደ ሆምላንድ ሴኩሪቲ መደወል አለበት። ጉዳዩ እስኪያልቅ አሠሪው ማሰናበት፣ ሰዓት መቀነስ፣ ደመወዝ መያዝ አይችልም። እንዲህ ነው በወረቀት ላይ።

ሥርዓቱ የሚያየው ምን እንደሆነ ዲሴምበር 12 ቀን 2006 በግልጽ ወጣ። የኢሚግሬሽን ፖሊሶች ስዊፍት የተባለው ኩባንያ በነብራስካ፣ በኮሎራዶ፣ በቴክሳስ፣ በዩታ፣ በአዮዋና በሚኒሶታ ያሉትን ስድስት የሥጋ ፋብሪካዎች በአንድ ቀን ከብበው ወደ 1,300 የሚጠጉ ሠራተኞችን ያዙ። ኩባንያው ከ1997 ጀምሮ የቤዚክ ፓይለት ተጠቃሚ ነበር። ከተያዙት ብዙዎቹ በሥርዓቱ ያለፉት የሕያው አሜሪካዊ ስምና ቁጥር ይዘው ስለነበር ነው። መዝገቡ የተጠየቀው «ይህ ስም ከዚህ ቁጥር ጋር ይሄዳል ወይ?» ተብሎ ነው፤ በትክክልም ይሄዳል አለ። ፊት ለፊት የቆመው ሰው የስሙ ባለቤት ይሁን አይሁን አልተጠየቀም፤ ቢጠየቅም አያውቅም። ከ2007 ጀምሮ የግሪን ካርድና የሥራ ፈቃድ ፎቶ ከመዝገቡ ፎቶ ጋር እንዲነጻጸር መደረጉ ቀዳዳውን በከፊል ደፈነው። ያም ሆኖ ዌስታት የተባለው የምርምር ድርጅት ለመንግሥት ሠርቶ በ2009 ያቀረበው ግምገማ፣ በሥርዓቱ ከተፈተሹት ፈቃድ የሌላቸው ሠራተኞች 54 በመቶ ያህሉ ፈቃድ እንዳላቸው ተቆጥረው እንዳለፉ ገመተ።

ይህ አንደኛው ስሕተት ነው፤ ጋዜጣውም ፖለቲከኛውም በሰፊው ያወራው ስለዚህኛው ነው። ሁለተኛው ስሕተት፣ ፈቃድ ያለውን ሰው የለውም የሚለው፣ ድምፁ ትንሽ ነበር። የዚሁ ድርጅት የ2007 ግምገማ እንዳሳየው፣ አሜሪካ ውስጥ ከተወለዱ ሠራተኞች በስሕተት ያለመረጋገጥ ውጤት የደረሳቸው 0.1 በመቶ ብቻ ነበሩ። ተወልደው ያደጉት ሌላ አገር ሆኖ የአሜሪካ ዜግነት ካገኙት ግን ወደ 10 በመቶ የሚጠጉት ደርሷቸዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቃለ መሐላ ፈጽሞ ዜጋ የሆነ ሰው ዜግነቱ በኢሚግሬሽን መዝገብ ይገባል፤ የሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ግን ሰውየው ራሱ ሄዶ ካላሳወቀ እንደ ድሮው ዜጋ ያልሆነ እያለ ይቀመጣል። ማንም ይህን አልነገረውም። ባንዲራ ይዞ ፎቶ ተነሥቶ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው ከዓመታት በኋላ አዲስ ሥራ ሲጀምር «መዝገብህ አልተስማማም» ይባላል። መንግሥት የዜግነት መዝገቡን ከሥርዓቱ ጋር ያገናኘው በ2008 ነው። ከዚያ በኋላ ስሕተቱ በጣም ቀንሷል፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ግን ሁለት የመንግሥት ቢሮዎች እርስ በርስ ባለመነጋገራቸው የተነሣ ሥራ የፈታው ዜጋው ነበር።

በዜግነት የተፈታው በስም አልተፈታም። የሒሳብ መርማሪው መሥሪያ ቤት በ2010 እንዳመለከተው፣ የስም አጻጻፋቸው በአሜሪካ ቅጽ ከተለመደው የተለየ ሕዝቦች ለዚህ ውጤት ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። በጥናቱ የተጠቀሱት በተለይ ስፓኒሽ ተናጋሪዎችና ዐረቦች ናቸው፤ የእኛን ስም አወቃቀር የሚያውቅ ግን ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። ገብረ መድኅን ወልደ ጊዮርጊስ የሚባል ሰው እናስብ። በአንዱ ሰነድ «ገብረመድኅን» አንድ ቃል ሆኖ ይገባል፤ በሌላው «ገብረ» የራሱ ስም፣ «መድኅን» መካከለኛ ስም ይሆናል። የቤተሰብ ስም በሚለው ሣጥን አንዴ የአባቱ፣ አንዴ የአያቱ ስም ይገባል። «ወልደ» ከ«ጊዮርጊስ» ተለያይቶ የካርዱ ቦታ ሲጠብ ግማሹ ይቆረጣል። የልደት ቀኑስ? በስደተኞች ካምፕ የተመዘገበ ከሆነ ጃንዋሪ 1 የተባለ ብዙ ነው፤ ከመስከረም ወደ ሴፕቴምበር በሚገለበጥበት ጊዜ ደግሞ ሰባትና ስምንት ዓመት የሚያህል ልዩነት ለመፍጠር አንድ የጸሐፊ ስሕተት ይበቃል። ሰውየው አንድ ነው፤ ሰነዶቹም እውነተኛ ናቸው። በኮምፒዩተር ፊት ግን ሁለትና ሦስት ሰው ሆኗል፤ አንድ መሆኑን የማስረዳቱ ሥራም የእሱ ነው፣ በስምንት የሥራ ቀን ውስጥ፣ ብዙ ጊዜም አዲሱ አለቃው ገና ሳያውቀው።

በፈቃደኝነት የተጀመረው ሙከራ ይህ ሁሉ ጉድለት ሳይቃና ወደ ግዴታ ተሸጋገረ። አሪዞና በ2007 ባወጣችው ሕግ አሠሪ ሁሉ እንዲጠቀምበት አዘዘች፤ ፈቃድ የሌለውን አውቆ ደጋግሞ የቀጠረም የንግድ ፈቃዱን እንዲያጣ ወሰነች። ከሴፕቴምበር 2009 ጀምሮ የፌዴራል መንግሥት ኮንትራክተሮች ተገደዱ። በሜይ 2011 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የአሪዞናን ሕግ በ5 ለ3 ድምፅ አጸና። የተቃወሙት ዳኛ ስቲቨን ብሬየር ያነሡት ነጥብ የ1990ው ሪፖርት ልጅ ነው፤ አሠሪው ያልተፈቀደለትን በመቅጠር ንግዱን የሚያጣ፣ የተፈቀደለትን ባለመቅጠር ግን ትንሽ የሚቀጣ ከሆነ ወደ የትኛው እንደሚያደላ ግልጽ ነው። በዚያው ዓመት አላባማና ጆርጂያ ተከተሉ። የጆርጂያው ከአሥር በላይ ሠራተኛ ያለውን አሠሪ ሁሉ ደረጃ በደረጃ እስከ 2013 ያጠቃለለ በመሆኑ አትላንታ ዙሪያ የሚኖረው ብዙ ሐበሻ በየመጋዘኑና በየሆቴሉ በዚህ ሥርዓት ሥር ገባ። ፍሎሪዳ በ2023 25 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸውን አስገደደች። ዛሬ የተመዘገቡት አሠሪዎች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ናቸው።

ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው ጠንካራ መልስ ስሕተቱ ዛሬ ኢምንት ነው የሚል ነው። እውነት አለው። ያለመረጋገጥ ውጤት ከ2004 እስከ 2007 ባለው ጊዜ 8 በመቶ የነበረው በ2009 የበጀት ዓመት ወደ 2.6 በመቶ ወርዷል፤ አሁን ከመቶ ከ98 በላይ የሚሆኑት ያለ ምንም ችግር ያልፋሉ። ነገር ግን የ2.6 በመቶው ውስጡ ይታይ። ከነዚህ ተከራክረው ፈቃድ እንዳላቸው የታወቀው 0.3 በመቶ ናቸው። የቀሩት 2.3 በመቶ የመጨረሻ ያለመረጋገጥ ውጤት አገኙ፤ በመካከላቸው ፈቃድ የሌላቸው እንዳሉ ሁሉ፣ አሠሪው ያልነገራቸው፣ ማስታወቂያው ያልገባቸው፣ ከሥራ ቀርተው ቢሮ ለመሰለፍ ያልቻሉም ሊኖሩ እንደሚችሉ፣ ስንቱ የትኛው እንደሆነ ለመለየትም እንደማይቻል የሒሳብ መርማሪው መሥሪያ ቤት የ2010 ሪፖርት ራሱ ገልጿል። ዝም ያለ ሰው ሁሉ ጥፋተኛ ሆኖ በሚቆጠርበት ስሌት የስሕተት መጠን ሁልጊዜ ትንሽ ይሆናል። መቶኛውም በእኩል አልተከፋፈለም፤ ለአገሬው ተወላጅ ከሺህ አንድ የሆነው ለመጤው ብዙ እጥፍ ነው።

ሌላው መልስ የጆርዳን ነው፤ ኮምፒዩተር አነጋገር አይሰማም፣ ፊት አያይም፣ ስለዚህ ከሰው ዓይን ይሻላል። ከ1990ው ሪፖርት አንጻር ይህን ማቃለል አይገባም፤ ብቻውን ከቀረው አይ-9 የተሻለበት መንገድ በእርግጥ አለ። ግን ኮምፒዩተሩ የሚጠየቀው በሰው እጅ ነው። ዌስታት ያገኛቸው አንዳንድ አሠሪዎች ሕጉ ከልክሎ ሳለ ሰው ከመቅጠራቸው በፊት በሥርዓቱ ይፈትሹ ነበር። ያለመረጋገጥ የመጣበትን ሳይነግሩ ይተዉት፣ ወይም ጉዳዩ እስኪያልቅ ከሥልጠና ያስቀሩት ነበር። ሳይቀጠር የቀረ ሰው ለምን እንደቀረ አያውቅም፤ ስለዚህ ከስሕተቶቹ መዝገብ ውስጥም አይገባም። ሠራተኛን ይጠብቃል የሚለውን ክርክር በተመለከተ የሠራተኛ ማኅበራቱ የሄዱበት መንገድ ያስተምራል። በ1986 ቅጣቱን የደገፈው ትልቁ የሠራተኛ ማኅበራት ፌዴሬሽን በፌብሩዋሪ 2000 አቋሙን ቀይሮ ይሻርልን አለ፤ ምክንያቱም ማኅበር ለመመሥረት የተንቀሳቀሱ ሠራተኞች ድንገት ወረቀታችሁን አምጡ እየተባሉ ይባረሩ ነበር። ደመወዝ ለመጠበቅ የታሰበው መሣሪያ ደመወዝ የጠየቀውን ሰው ማስፈራሪያ ሆነ።

መንግሥትም አንዳንዱን ተቀብሏል። ከ2011 ጀምሮ ሰው ሥራ ከመፈለጉ በፊት መዝገቡን ራሱ የሚያይበት ሴልፍ ቼክ ተከፈተ። ከ2013 ጀምሮ በአይ-9 ላይ ኢሜይሉን የሞላ ሠራተኛ ያለመረጋገጥ ውጤት ሲመጣበት በቀጥታ መልእክት ይደርሰዋል። ለአሥራ ስድስት ዓመት ዜናውን የሚሰማው ከአሠሪው አፍ ብቻ ነበር። ያን የኢሜይል ሣጥን ባዶ አለመተው፣ ዜግነት ወይም ስም ሲለወጥ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሄዶ ማስተካከል፣ በሁሉም ሰነድ አንድ አጻጻፍ መያዝ፣ በጊዜያዊ ጥበቃ (ቲፒኤስ) የሚሠራ ሰው ደግሞ የፈቃዱ ቀን በመንግሥት ማስታወቂያ ሲራዘም ማስታወቂያውን አትሞ መያዝ ለእኛ ሰው የሚጠቅሙ ነገሮች ናቸው። ሁሉም ግን ጥንቃቄውን የሚጭኑት እንደገና በሠራተኛው ላይ ነው።

ጉዳቱን ወደ መንግሥት ለማዞር የተደረገው ዋና ሙከራ በ2013 ነበር። በዚያ ዓመት ጁን 27 ቀን ሴኔቱ በ68 ለ32 ያጸደቀው ረቂቅ ኢ-ቬሪፋይን በመላ አገሪቱ ግዴታ ሲያደርግ፣ በመንግሥት ስሕተት ሥራውን ያጣ ሰው በይግባኝ እንዲሰማና ያጣውን ደመወዝ መንግሥት እንዲከፍለው የሚል አንቀጽም ይዞ ነበር። የተወካዮች ምክር ቤት ረቂቁን ለድምፅ አላቀረበውም። በዚያው ዓመት ኦክቶበር በጀት ሳይጸድቅ ቀርቶ መንግሥት ሲዘጋ ኢ-ቬሪፋይም ተዘጋ፤ በ2018 መጨረሻም እንዲሁ ከአንድ ወር በላይ ተዘግቷል። በሁለቱም ጊዜ አሠሪዎች በአይ-9 ብቻ መቅጠራቸውን ቀጠሉ፤ የመንግሥት ቢሮ ስለተዘጋ መከራከር ላልቻሉ ሠራተኞችም ቀነ ገደቡ ተራዘመላቸው። ረቂቁ የያዘው የካሣ አንቀጽ እስካሁን ሕግ አልሆነም፤ ቢሮዎቹ ክፍት በሆኑበት ጊዜ መዝገቡ የተሳሳተበት ሠራተኛ ያለው ስምንት የሥራ ቀን ነው፤ ለመሰለፍ ከሥራ የቀረበትን ሰዓት የሚከፍለውም የለም።